የሱዳን ሰምና ወርቅ

የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሁለቱን ሱዳኖች ነዳጅና ወርቅ የሚመለከቱ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ደቡብ ሱዳን ነዳጁ የራሷ ከሆነ፣ ሱዳን በቧንቧው ስታስቸግራት ለምን ጉድጓዶቿን ዘግታ አትጠብቅም? ነዳጅ እንደ እህል አይነቅዝ! (ከጋምቤላ)

መልስ፦ አንድ ጊዜ ሞክራዋለች። በጁላይ 2011 ነፃነቷን ስታውጅ የቀድሞዋ ሱዳን የነዳጅ ምርት ሦስት አራተኛው ገደማ በእሷ በኩል ቀረ። ቧንቧው፣ ማጣሪያውና ወደቡ ደግሞ ሰሜን ቀሩ። ሁለቱ አገሮች የተለያዩት በማሳለፊያው ዋጋ ሳይስማሙ ነው። ካርቱም በበርሜል ከ30 ዶላር በላይ ጠየቀች፤ ጁባ ከ1 ዶላር ያነሰ አቀረበች። ካርቱም ያልተከፈላትን በዓይነት እያለች ድፍድፉን መውሰድ ስትጀምር፣ ጁባ በጃንዋሪ 2012 በቀን 350,000 በርሜል ገደማ ይወጣ የነበረውን ምርት ቀጥ አደረገችው። ከመንግሥቷ ገቢ 98 በመቶው የሚገኘው ከዚያው ነበር። ነዳጁ እንደገና መፍሰስ የጀመረው በኤፕሪል 2013 ነው። ከዚያ ወዲህ ምርቱ ወደ ድሮው መጠን ተመልሶ አያውቅም።

ነዳጅ አይነቅዝም ያሉት ልክ ነው፤ መሬት ውስጥ እስካለ ድረስ። ቧንቧ ውስጥ ግን ይረጋል።

በላይኛው ናይል ግዛት ከፓሎች መስክ የሚወጣው ዳር ብሌንድ የሚባለው ድፍድፍ ሰም የበዛበት ነው። ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ እንኳ መወፈር ይጀምራል። ቧንቧው የተቀበረበት አፈር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከፓሎች እስከ ቀይ ባሕሩ በሻየር ወደብ ባለው 1,370 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነዳጁን ማሞቅ፣ መርጊያውን ዝቅ የሚያደርግ ኬሚካል መቀላቀልና ከሁሉም በላይ ሳያቋርጡ መግፋት ግዴታ ነው። ማሞቂያውም ፓምፑም የሚሠራው ነዳጅ እየተቃጠለ ነው። አንድ የፓምፕ ጣቢያ ናፍጣ አለቀበት ማለት ከኋላውና ከፊቱ ያለው ነዳጅ ቆሞ መቀዝቀዝ ጀመረ ማለት ነው።

ከቆመ በኋላ ማስነሣቱ ነው ጣጣው። ሰሙ ሲረጋ እርስ በርሱ ተያይዞ መረብ ይሠራል፤ ይህን መረብ ለመበጠስ የሚያስፈልገው ግፊት በቧንቧው ርዝመት ልክ ይጨምራል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የረጋው ነዳጅ ጥንካሬ በአራት እና በርዝመቱ ይባዛል፣ ከዚያ ለቧንቧው ስፋት ይካፈላል። የቧንቧው ስፋት 32 ኢንች፣ ማለትም 0.81 ሜትር ገደማ ነው። የረጋው ነዳጅ ጥንካሬ 10 ፓስካል ብቻ ነው እንበል፤ ከረጋ እርጎ የማይበልጥ ማለት ነው። በሁለት ጣቢያዎች መካከል 100 ኪሎ ሜትር ቢኖር፣ ያንን እርጎ ከቦታው ለማነቃነቅ 49 ባር ግፊት ያስፈልጋል። ጥንካሬው 20 ፓስካል ቢደርስ 98 ባር ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ቧንቧ ሊሸከመው ከሚችለው ጫፍ ደርሰናል፤ በዝገት የሳሳ ቦታ ካለ ነዳጁ ከመነሣቱ በፊት ቧንቧው ይፈነዳል።

በፌብሩዋሪ 2024 የደረሰውም የዚሁ ዓይነት ነው። በሱዳን የጦርነት ቀጠና ውስጥ ናፍጣ ለጣቢያ ሳይደርስ ቀረ፣ ነዳጁ ረጋ፣ ቧንቧው ፈነዳ። በማርች ሱዳን ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ መፈጠሩን ለገዢዎች አሳወቀች። ይህ ማስታወቂያ የተነሣው በጃንዋሪ 2025 ነው። ቧንቧውን ለማቆም ሆን ብሎ የተኮሰበት ሰው አላስፈለገም። ሁለት ቦቴ ናፍጣ በኬላ መታገዱ ይበቃል።

ታስቦበት የሚዘጋ ከሆነ አሠራሩ ሌላ ነው። በ2012 እንደተደረገው ነዳጁ በውኃ እየተገፋ ይወጣና ቧንቧው ውኃ እንደሞላ ይቀመጣል። ይህም ቢሆን በነፃ አይደለም። ባለ 32 ኢንቹን ቧንቧ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሙላት 4.2 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ይፈልጋል፤ በቀን 200,000 በርሜል ቢገባበት የመጀመሪያው ጠብታ ወደብ የሚደርሰው በ21ኛው ቀን ነው። ውኃው ውስጥ የዝገት መከላከያ ካልተጨመረበት ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ጉድጓዶቹ ውስጥ የተሰቀሉት የኤሌክትሪክ ፓምፖችም ከወራት ዕረፍት በኋላ ሁሉም አይነሡም።

ስለዚህ ቧንቧውን ለመዝጋት የምትዝት ጁባም ሆነች ካርቱም፣ ዛቻው እውን ቢሆን ሁለቱም ለወራት ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የሚዋጉት የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉም ይህን ያውቃሉ። በዲሴምበር 2025 ፈጥኖ ደራሹ በድንበሩ አጠገብ ያለውን የሄግሊግን የነዳጅ መስክ ሲይዝ መስኩ አልጋየም፤ ጦሩ፣ ፈጥኖ ደራሹና ጁባ በደረሱበት ስምምነት የደቡብ ሱዳን ወታደሮች ገብተው እንዲጠብቁት ተደረገ። ፍቅር አይደለም፤ ከአንድ ቧንቧ የሚጠጡ ጠላቶች ስለሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ ጁባ ውስጥ አነስተኛ ሆቴል አለኝ። ደንበኞቼ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ደመወዝ ለወራት ሳይከፈላቸው በዱቤ ይበላሉ። በአንድ በርሜል ከ60 ዶላር በላይ እየተሸጠ ገንዘቡ የት ነው የሚገባው? (ከጁባ)

መልስ፦ እርስዎ የሚያዩት 60 ዶላር ለንደን ላይ የሚጠራው የብሬንት ዋጋ ነው። ዳር ብሌንድ ከባድና አሲድ የበዛበት ድፍድፍ በመሆኑ ሁሉም ማጣሪያ አይፈልገውም፤ ብዙ ጊዜ ከብሬንት ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ለስሌት እንዲመች ግን 60 ዶላሩን ሙሉ አግኝታለች እንበል።

በሴፕቴምበር 27 ቀን 2012 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ስምምነት መሠረት ከዳር ብሌንድ አንድ በርሜል ላይ 1.60 ዶላር ለማቀነባበሪያ፣ 6.50 ለማጓጓዣ፣ 1 ዶላር ለማሳለፊያ፣ በድምሩ 9.10 ዶላር ለሱዳን ወገን እንዲከፈል ተወሰነ። ከዩኒቲ ግዛት በሄግሊግ በኩል ለሚያልፈው ማጓጓዣው 8.40 ስለነበር ድምሩ 11 ዶላር ነበር። በዚህ ላይ ሱዳን በመገንጠሉ ያጣችውን እንዲያካክስላት በበርሜል 15 ዶላር ተጨመረ፤ ጠቅላላው 3.028 ቢሊዮን ዶላር እስኪሞላ ድረስ። ያ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ከ60 ዶላር 24.10 ሲነሣ 35.90 ይቀር ነበር።

ድርድሩን ያበላሸው አንድ ነገር ነው፤ ክፍያው የተቆረጠው በመቶኛ ሳይሆን በቁርጥ ዶላር ነበር። ሲፈረም አንድ በርሜል ከ100 ዶላር በላይ ስለነበር ማንም አልጨነቀውም። በጃንዋሪ 2016 ብሬንት ከ28 ዶላር በታች ሲወርድ ዳር ብሌንድ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ስለሚያወጣ፣ ነዳጅ ማውጣት ኪሳራ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ክፍያው ከገበያው ዋጋ ጋር ከፍ ዝቅ እንዲል ተስማሙ። የተፈጥሮ ሀብት ውል ለሚዋዋል ሁሉ የምንለው ይህን ነው፤ ዋጋው በግማሽ ቢወርድ ይህ አንቀጽ ምን ይሆናል ብሎ አስቀድሞ ማስላት የአንድ ወረቀት ሥራ ነው።

ለሱዳን ከተከፈለው ከቀረው ላይ ኩባንያዎቹ ወጪያቸውንና ድርሻቸውን ያነሣሉ። ከመንግሥት ድርሻ ሕጉ 2 በመቶ ለነዳጅ አምራች ግዛቶች፣ 3 በመቶ ለአካባቢው ማኅበረሰብ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ቀዳዳ የሚመጣው፤ ቅድሚያ ሽያጭ። መንግሥት ገና ያልወጣ ነዳጅ አስይዞ ከነጋዴዎች ይበደራል፤ መርከቡ ሲጫን ገንዘቡ በቀጥታ ለአበዳሪው ይገባል። ሌላ ጭነት ደግሞ ለመንገድ ሥራ ተብሎ ከበጀት ውጭ ይታሰባል። ለደመወዝ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው።

ዱቤ ለመስጠት የሚወስኑ ከሆነ የብሬንትን ዋጋ አይከተሉ፤ በሻየር ላይ መርከብ መጫኑን ይከተሉ። በነዳጅ ንግድ የተለመደው ክፍያ ከጭነቱ በኋላ በ30 ቀን ገደማ ነው። ጭነት ከሌለ በሚቀጥለው ወር ደመወዝ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ጭነት ኖሮም ዕዳ ሊበላው ይችላልና፣ የዱቤውን ጣሪያ ከአንድ ወር ደመወዝ ባያሳልፉ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በ2012 ቧንቧ በኢትዮጵያ በኩል ወደ ጅቡቲ ይዘረጋል ተብሎ ነበር። ለምን ቀረ? ለእኛም ይጠቅመን ነበር። (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ የመግባቢያ ሰነድ ተፈርሞ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ማርች 2012 ላይ ደግሞ በኬንያ በኩል የሚያልፍ ሌላ የነዳጅ ቧንቧ የታቀደበት የላሙ ወደብ ፕሮጀክት መሠረት ሲጣል የኬንያ፣ የደቡብ ሱዳንና የኢትዮጵያ መሪዎች ተገኝተዋል። ሁለቱም ቧንቧዎች አልተዘረጉም። ብዙ ሰው ምክንያቱን ፖለቲካ ብቻ ያደርገዋል፤ እኛ ግን ከዳገቱ እንጀምር።

ፓሎች ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ድፍድፉን 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ 9 ባር ያህል ግፊት ይጠፋል። 2,000 ሜትር ላይ ያለ ደጋ ለማቋረጥ 1,600 ሜትር መውጣት ነው፤ ይህም ከ140 ባር በላይ ይሆናል፣ የመንገዱ ሰበቃ ገና ሳይቆጠር። አንድ ፓምፕ አይችለውም፤ ዳገቱ ላይ ጣቢያ በጣቢያ መደርደር ይጠይቃል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለ፤ ግፊቱ ስለሚከማች መቀነሻ ካልተሠራለት ቧንቧው ከታች ይተረተራል። የደጋው አፈር ቅዝቃዜ ሰሙን ስለሚያረጋው ማሞቂያም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈልጋል። ኡጋንዳ ይህን መርጣለች፤ ከሆይማ እስከ ታንዛኒያዋ ታንጋ 1,443 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ባለ 24 ኢንች ቧንቧ በኤሌክትሪክ የሚሞቅና በሙቀት መከላከያ የተሸፈነ ነው። ዋጋው ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ያንን ገንዘብ የሚያበድር ባንክ መጀመሪያ የሚጠይቀው ለሃያ ዓመት በቂ ነዳጅ መኖሩን ነው። ከ2013ቱ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የደቡብ ሱዳን ምርት በቀን ወደ 150,000 በርሜል ወርዷል፤ መስኮቹም እያረጁ ነው። አንዱ ቧንቧ ግማሽ ባዶ ሆኖ ሁለተኛ የሚሠራ የለም።

በቦቴ ለምን አይሆንም ለሚሉ፦ 45,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ 283 በርሜል ይጭናል። 150,000 በርሜል ለማንሣት በየቀኑ 530 ቦቴ ተጭኖ መነሣት አለበት። የላይኛው ናይል አፈር መረሬ ነው፤ ክረምት ሲገባ እንኳን 530 አንድም አያልፍም። ቆሞ ያደረ ቦቴ ውስጥም ሰሙ ስለሚረጋ በእንፋሎት ሳይሞቅ አይራገፍም።

ፖለቲካውስ? በር ጠባቂ መቀየር እንጂ በር ጠባቂ ማጥፋት አይደለም። ጁባ ከካርቱም ጋር የነበራት ጭቅጭቅ ሁሉ ከአዲስ አበባ፣ ከጅቡቲ ወይም ከናይሮቢ ጋር ይደገም ነበር። ሁለት መውጫ ቢኖራት ግን በዋጋ የመደራደር ጉልበት ይኖራት ነበር፤ የ2012ቱ ወሬ ትልቁ ጥቅምም ምናልባት ይኸው ነበር።

ጥያቄ፦ አብዬና ሄግሊግ አንድ ናቸው? ወታደሮቻችን አብዬ ሄደው የነበሩት ለነዳጁ ነው ይባላል። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አንድ አይደሉም። አብዬ ሁለቱ ሱዳኖች የሚወዛገቡበት የድንበር አካባቢ ነው። በጁላይ 22 ቀን 2009 ዘ ሄግ ያለው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት የአብዬን ወሰን ሲቆርጥ ሄግሊግን ከአብዬ ውጭ አድርጎታል። ደቡብ ሱዳን ግን ይህ ሄግሊግን ለሱዳን ሰጠ ማለት አይደለም ብላ ተከራከረች። በኤፕሪል 2012 ጦሯ ገብቶ ያዘው፤ ዓለም ስለጮኸባት በአሥር ቀን ገደማ ወጣች።

አብዬ ውስጥ የቀረው ዋናው መስክ ዲፍራ ነው፤ ምርቱም ትንሽ ነው። ኢትዮጵያ በጁን 2011 በተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ 4,000 ገደማ ወታደር አሰማርታ የቆየችው፣ በ2022 እስክትወጣም ያቆያት የነዳጅ ጉድጓድ ጥበቃ አልነበረም። በበጋ የሚሴሪያ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ወደ ኪር ወንዝ ይነዳሉ፤ መሬቱ የንጎክ ዲንካ ነው። በየዓመቱ ደም የሚያፋስሰው ይህ ነው። ነዳጁ ያደረገው ሁለቱ ዋና ከተሞች ለዚህ የግጦሽ ጠብ መሣሪያና ባንዲራ እንዲያቀብሉ ምክንያት መስጠት ነው። ነዳጁ ነገ ቢደርቅ ከብቱ ሣር ፍለጋ መውረዱን አይተውም።

ጥያቄ፦ ድሮ በመተማ በኩል የሱዳን ቤንዚን ይገባ ነበር። አሁንስ? (ከገንዳ ውኃ)

መልስ፦ ያ ቤንዚን የካርቱም ሰሜኑ የጃይሊ ማጣሪያ ውጤት ነበር። በ2000 ሥራ የጀመረ፣ በኋላ በቀን 100,000 በርሜል የማጣራት አቅም የነበረው ነው። ከ2011 በኋላ ሱዳን ራሷ ለነዳጅ እጅ ያጠራት ሆነች። ጦርነቱ ሲነሣ ፈጥኖ ደራሹ ማጣሪያውን ያዘው፤ ጦሩ በጃንዋሪ 2025 ሲያስለቅቅ ክፉኛ ተቃጥሎ ነበር። ቶሎ ይመለሳል ብለው አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው። ወደ አገር ስመለስ ወርቅ መግዛት እፈልጋለሁ። የሱዳን ጦርነት በወርቅ ነው የሚካሄደው እየተባለ እንዴት ነው ሳላውቅ የደም ወርቅ እንዳልገዛ የማደርገው? (ከዱባይ)

መልስ፦ ወርቅ ከነዳጅ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ቧንቧ አያሻውም። በ2023 አንድ አውንስ፣ ማለትም 31.1 ግራም ወርቅ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ዋጋ 20 ኪሎ ወርቅ 1.29 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፤ አንድ ሰው በሻንጣ ይሸከመዋል። በ60 ዶላር ሂሳብ ይህን ያህል የሚያወጣ ነዳጅ 21,400 በርሜል ነው፣ 76 ቦቴ። ለዚህ ነው ነዳጅ ጠላትን ከጠላት ጋር እንዲደራደር የሚያስገድደው፤ ወርቅ ግን ለእያንዳንዱ ታጣቂ የራሱን መንገድ የሚሰጠው።

ሱዳን በ2011 ነዳጁን ስታጣ ወደ ወርቅ ዞረች። በ2012 ሰሜን ዳርፉር ውስጥ ጀበል አሚር ላይ ወርቅ ተገኘ፤ በጃንዋሪ 2013 የቤኒ ሑሴንና የረዘይጋት ታጣቂዎች ተጋጩበት፣ ብዙ መቶ ሰው ሞተ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ተፈናቀለ። ከዚያ የጎሣ ታጣቂዎች መሪው ሙሳ ሂላል ያዘው፤ በኖቬምበር 2017 ደግሞ ሄሜቲ፣ ማለትም የፈጥኖ ደራሹ አዛዥ ጄኔራል ሞሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ፣ ሂላልን አስሮ ወረሰው። ከዳጋሎ ቤተሰብ ጋር የተያያዘው አል ጁነይድ ኩባንያ በጁን 2023 የአሜሪካ ማዕቀብ ተጥሎበታል። በጦሩ በኩል ካለው ግዛትም ወርቅ ይወጣል፤ ጦርነቱን የሚደግፈው የአንድ ወገን ወርቅ ብቻ አይደለም።

ማዕድኑ ላይ ያለው ሠራተኛ ትንሹን ነው የሚያገኘው። ድንጋዩን ይፈጫል፣ በባዜቃ ያዋህዳል፣ ውህዱን በእሳት አትንኖ የቀረችውን ስፖንጅ የመሰለች ወርቅ ይሸጣል። ባዜቃው ጭስ ሆኖ ሳንባው ይገባል። በዚህ ዘዴ የሚያዘው ብዙውን ጊዜ ከወርቁ ግማሹም አይሆንም። የቀረው እነሱ ካርታ በሚሉት ዝቃጭ ውስጥ ነው። ካርታውን በርካሽ የሚገዙት የሳያናይድ ማጠቢያ ያላቸው ኩባንያዎች ናቸው፤ ገንዘብም ጠመንጃም ያለው ሰው የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ወርቁ ወደ ዱባይ ይሄዳል። ኤምሬቶች ፈጥኖ ደራሹን ትረዳለች የሚለውን ክስ ታስተባብላለች፤ ሱዳን ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ያቀረበችውንም ክስ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2025 ሥልጣን የለኝም ብሎ ዘግቶታል። ለገዢ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ወርቅ አንዴ ከሌላ ጋር ከቀለጠ በኋላ ከየት እንደወጣ ሱቁ ውስጥ ቆሞ የሚለይ ሰው የለም።

ስለዚህ የሚጠይቁት ስለ ወርቁ ሳይሆን ስለ ወረቀቱ ነው። ጌጥ ከሆነ ባለሱቁ ወርቁን ከየትኛው አጣሪ እንደሚገዛ ይጠይቁ፤ ስም መጥራት ካልቻለ ይለፉት። አሞሌ ከሆነ የአጣሪው ማኅተም፣ ንጽሕናው፣ ክብደቱና ተከታታይ ቁጥሩ ከምስክር ወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን በዓይንዎ ያመሳክሩ። አጣሪው በለንደን የወርቅ ገበያ ማኅበር ዝርዝር ውስጥ መኖሩንም ስልክዎ ላይ ወዲያው ማየት ይችላሉ። ማኅተሙ የሚነግርዎት ያቀለጠውን እንጂ የቆፈረውን አይደለምና ወርቁ ከማዕድን የወጣ ነው ወይስ ዳግም የቀለጠ ብለው ይጨምሩ። ከማዕድን ከሆነ አገሩ መጠቀስ አለበት። ዳግም የቀለጠ የሚለው መልስ ሲመጣ ነው መጠንቀቅ፤ ትናንት ከዳርፉር የገባ ስፖንጅ ወርቅ በጥድፊያ ወደ አምባር ተቀይሮ፣ አምባሩ ተመልሶ ከቀለጠ ትውልዱ ዱባይ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ አሮጌውን ወርቅ ከማን እንደገዙ የሚያሳይ መዝገብ እንዳላቸው ይጠይቁ፤ ያለው ሱቅ ያሳይዎታል፣ የሌለው ቅናሽ ያደርግልዎታል።